ቤቱ አይሸጥ፤ አከርካሪው ይሳሳ

«የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የምማረው አዲስ አበባ ነው። በበረራ ላይ እንዳሉ ክንፋቸውን የሚያጎብጡ፣ የሚያጥፉ፣ የሚዘረጉ አውሮፕላኖችን መንደፍ እፈልጋለሁ። አባቴ ደብረ ብርሃን ያለንን ቤት ሸጦ አውሮፓ የኤሮስፔስ ማስተርስ ሊያስተምረኝ ተነሥቷል። ገንዘቡ ለአንድ ዓመት ይበቃል፤ የሁለተኛውን እዚያ እየሠራሁ እከፍላለሁ ብለን ነው። እናቴ ‹ባንክ ግቢና ተገላገይ› ትለኛለች። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ደግሞ እንዲህ ያለውን የሚሠሩ ኩባንያዎች የውጭ ዜጋ አይቀጥሩም ይላል። ውጤቴ 3.4 ነው፣ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፤ በክፍላችን ሴቶች ሦስት ብቻ ነን። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን በዚሁ ርዕስ ልሥራ? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ቤቱ አይሸጥ። ሌላውን ባታነቢላቸው እንኳ ይህችን መስመር ለአባትሽ አንብቢላቸው።

አባትሽ ለልጃቸው ያላቸውን ሁሉ የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ ሒሳቡ ግን አይሞላም። ዴልፍት ያለው የኔዘርላንድስ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን የማስተርስ ተማሪ በዓመት ከ20,000 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ ኪራይና ቀለብ ለብቻው ነው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚያ አገር እንዳንቺ ያለ ተማሪ በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በሳምንት 16 ሰዓት ነው፤ ለዚያውም ቀጣሪው የሥራ ፈቃድ ሊያወጣልሽ ፈቃደኛ ከሆነ። በ16 ሰዓት የካፌ ሥራ ኪራይሽን ሸፍነሽ 20,000 ዩሮ አታጠራቅሚም። ሁለተኛው ዓመት ሲደርስ ዲግሪም የለ፣ ቤትም የለ። በዚህ ዘርፍ ደግሞ ጥሩ የሚባለው ቦታ ተከፍሎሽ የምትገቢበት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ለአራት ዓመት ያህል ደመወዝ የሚበላ ተቀጣሪ ነው፤ ጀርመንም ብዙዎቹ ቦታዎች እንደዚያው ናቸው። እዚያ ለመድረስ ማስተርስ ያስፈልጋል፤ ማስተርሱ ግን ቤት ሳይሸጥ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ቅርጿን የምትቀይር አውሮፕላን ነዳፊ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ስትፈልጊ ብትውዪ አታገኚም። የሚወጣው የስትረስ ተንታኝ፣ የኤሮኢላስቲሲቲ (አየሩና የሚታጠፈው መዋቅር አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ) መሐንዲስ፣ የኮምፖዚት (በሙጫ የተያያዘ የቃጫ ቁስ) ዲዛይነር፣ የአክቹዌተር (ክፍሎችን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) መሐንዲስ፣ የበረራ ቁጥጥር መሐንዲስ የሚል ነው። ርዕሱ የሚሠራው እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው፤ አንቺም ከወንበሮቹ አንዱን ይዘሽ ነው የምትገቢው። የምትይዢው ወንበር የመዋቅር ይሁን ባይ ነኝ። ምክንያቱን ላሳይሽ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ሲበሩ አይለሮን የሚባል፣ ክንፉ ጠርዝ ላይ እየታጠፈ አውሮፕላኑን የሚያጋድል ክፍል አልነበራቸውም፤ አውሮፕላኑን ሚዛኑን የሚያስጠብቁት ክንፉን በሽቦ እየጎተቱ በመጠምዘዝ ነበር። ኤፍ 14 ተዋጊ ጄት ክንፉን በአየር ላይ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጥፍ ነበር፤ ለዚህ ሲባል ሁለቱ ክንፎች የሚዞሩበት ማጠፊያ በቲታኒየም ሣጥን ተሸክሟል። ቦይንግ 2707 የተባለውን ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን በ1966 ያሸነፈው ክንፉ በሚታጠፍ ንድፍ ነበር፤ ክብደቱ አልቻል ሲል በ1968 ወደማይንቀሳቀስ ክንፍ ዞረ፣ በ1971 ፕሮጀክቱ ጭራሹን ተሰረዘ። ናሳ በ2014 እና በ2015 በአንድ ገልፍስትሪም ጄት ላይ ያለ ክፍተት የሚጎብጥ ፍላፕ (የክንፉ የኋላ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ገጥሞ ከ2 ዲግሪ ወደ ላይ እስከ 30 ዲግሪ ወደ ታች ሞክሯል፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ልብ በይ ግን፣ በእያንዳንዱ በረራ ፍላፑ መሬት ላይ በተመረጠለት አንድ ማዕዘን ተይዞ ነው የበረረው። አየር ላይ እያጎበጡት አልነበረም።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የኤሮዳይናሚክሱ ትርፍ ያከራከረው ሰው ጥቂት ነው። ሥራውን የሚይዘው ክብደቱ፣ ማጠፊያው፣ ቆዳውና «ቢጣበቅስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አራቱም የመዋቅር ሰው ራስ ምታቶች ናቸው።

ቆዳውን ብቻ ተመልከቺ። ክንፍ ሲጎብጥ የላይኛው ቆዳ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ስለዚህ በኮርዱ (ከክንፉ የፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ) አቅጣጫ እንደ እንጀራ መታዘዝ አለበት። የአየሩ ግፊት ደግሞ ቆዳውን ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በዚያ አቅጣጫ እንደ ምጣድ መጽናት አለበት። ጎማ ብቻ ብታለብሺው ያብጣል። አሉሚኒየም ብታለብሺው አይለጠጥም። ሰዎች የሞከሩት መካከለኛ መንገድ ስስ ጎማ ከላይ፣ ከሥሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት የማር እንጀራ መዋቅር ማድረግ ነው። ይህ የማር እንጀራ ተራ ዓይነት ከሆነ ወደ አንድ ወገን ስትስቢው በሌላው ወገን ይጠባል፤ ክንፉም በርዝመቱ ይኮማተራል። ስለዚህ ሲሳብ ጎኑ የማይጠብ ልዩ የሴል ቅርጽ ይሠሩለታል። ይህን በወረቀት ላይ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ ያየ ተመራቂ ብርቅ ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በዚሁ ርዕስ ሥሪ፤ ግን «የሚያጥፍ፣ የሚዘረጋ፣ የሚያጎብጥ አውሮፕላን» አትበዪ። አንድ የክንፍ ቁራጭ፣ አንድ እንቅስቃሴ ይበቃል፦ የኋላ ጠርዙ የሚጎብጥ ክንፍ። እንደ ዓሣ አጽም መሐሉ ላይ ስስ አከርካሪ፣ ከአከርካሪው ወደ ላይና ወደ ታች የወጡ አጥንቶች፣ በላዩ ላይ ቆዳ።

መጠኑን እንዲህ ያዢው። ቅርጹ ናካ 0012 (ላይና ታቹ እኩል የሆነ የታወቀ የክንፍ ቅርጽ)፣ ኮርዱ 200 ሚሊሜትር፣ የክንፉ ርዝመት 200 ሚሊሜትር፤ ይህ በተለመደው ባለ 220 ሚሊሜትር ጠረጴዛ የስሪዲ ማተሚያ ይወጣል። የፊቱ 115 ሚሊሜትር ግትር፣ ቀጣዩ 70 ሚሊሜትር አከርካሪው፣ የመጨረሻው 15 ሚሊሜትር ክንፉን የሚያጎብጡት ክሮች የሚታሰሩበት ግትር ጫፍ። ክሮቹን የሚጎትተው አንድ ኤምጂ 996 ሰርቮ (በታዘዘው ማዕዘን ላይ የሚቆም ትንሽ ሞተር) ነው፤ በ6 ቮልት ወደ 1.1 ኒውተን ሜትር ጉልበት አለው።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው አከርካሪው ላይ ነው። የፕላስቲኩ (ፒኢቲጂ በይው) ግትርነት 2 ጊጋፓስካል ያህል ነው። ጫፉ በ20 ዲግሪ እንዲዞር በ70 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ማጠፍ ማለት የጉብጠቱ መጠን በሜትር 5 ራዲያን መሆኑ ነው። አከርካሪው 1 ሚሊሜትር ከሆነ ለማጠፍ የሚፈልገው ሞመንት (የማጠፊያ ጉልበት) 0.17 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሰርቮው ክንድና ክሩ ከአከርካሪው የራቀበት ርቀት እኩል ከሆኑ ሰርቮው ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ቀላል ሥራ። አሁን «ይጠንክር» ብለሽ 2 ሚሊሜትር አደረግሽው እንበል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 1.3 ኒውተን ሜትር ገባ። ሰርቮው እያቃሰተ ይቆማል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። «እንግዲያው ይሳሳ» ብለሽ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ወረድሽ እንበል፦ 0.02 ኒውተን ሜትር ብቻ። ግን በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ አየር በዚያ ክፍል ላይ የሚያሳርፈው ሞመንት በግምት 0.05 ነው። ክሮቹ ጫፉን ቢይዙትም መሐሉን ነፋሱ እንደፈለገ ያጎብጠዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያ መንቀጥቀጥ በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ፍላተር ይባላል፤ ክንፍ ነቅሎ ይጥላል። ክንፍን ለማጠፍ ባለዘብሽው ቁጥር ፍላተር የሚጀምርበትን ፍጥነት ወደ ታች እያወረድሽ ነው። ሙያው በሙሉ ያለው በ2 ሚሊሜትሩና በግማሽ ሚሊሜትሩ መካከል ነው፤ ተማሪዎች ግን ሰማያዊና ቀይ የኮምፒዩተር ሥዕል ለጥፈው ያልፉታል።

ቆዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሲሊኮን ሉህ ይሁን። የክንፉ ገጽ ከአከርካሪው በጣም የሚርቀው 9 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በ20 ዲግሪ ሲጎብጥ ቆዳው ወደ 4.5 በመቶ ይለጠጣል ወይም ይጨመቃል። ሳትወጥሪ ከለጠፍሽው የሚጨመቀው ወገን ይሸበሸባል፤ አየሩም ከዚያች ሽብሽብ ላይ ይላቀቃል። ስለዚህ መጀመሪያ 10 በመቶ ወጥረሽ ለጥፊው፤ ተጨምቆም ቢሆን ከ5 በመቶ በላይ ውጥረት ይተርፈዋል። ሱፐር ግሉ ሲሊኮን አይዝም፤ የሲሊኮን ማጣበቂያ ተጠቀሚ፣ ሙሉ ቀን አቆይው። ሲሊኮን ከጠፋ የሚለጠጥ የስፖርት ጨርቅ ይሆናል፣ ግን አየር ያሳልፋልና ስስ ሲሊኮን ቀቢው።

ከዚህ በኋላ የሚበላሹትን አስቀድሜ ልንገርሽ። የናይሎን የዓሣ ክር ይረዝማል፤ ጠዋት ያስተካከልሽው ማዕዘን ከሰዓት አይገኝም፣ የተጎነጎነውን ዓይነት ግዢ። ሰርቮውን ከአርዱይኖው (ሰርቮውን ከሚያዘው ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ) የ5 ቮልት መውጫ ኃይል ከሰጠሽው ጭነት ሲበዛበት 2 አምፔር ያልፋል፣ አርዱይኖው ራሱን እያጠፋ ይነሣል፤ የራሱ ኃይል ምንጭ ስጪው፣ የመሬት (ግራውንድ) ሽቦዎቻቸውን ብቻ አገናኚ። ስታትሚ ክንፉን በጎኑ አቁሚው፤ ያን ጊዜ የፕላስቲኩ መስመሮች በኮርዱ አቅጣጫ ይሮጣሉ። በአፍጢሙ አቁመሽ ካተምሽው አከርካሪው በንብርብሮቹ መገናኛ ላይ ይላቀቃል፤ ብዙ ጊዜ ከመቶኛው ማጠፍ በፊት።

ደግሞ ከጎኑ በተመሳሳይ መጠን ተራ ማጠፊያ ያለው ፍላፕ ሥሪ። ማነጻጸሪያ የሌለው ሞርፊንግ (ቅርጹን የሚቀይር) ክንፍ አሻንጉሊት ነው። ሁለቱንም መዝኚ። ሁለቱንም በካሬ ወረቀት ፊት ፎቶ አንሺ። 1,000 ጊዜ አጥፈሽ እንደገና ለኪ። ንጽጽሩን በኤክስፎይል አስሊው፤ የኤምአይቲው ማርክ ድሬላ የሠራው ነጻ ፕሮግራም ነው፣ የአንቺ የሬይኖልድስ ቁጥር (የአየሩን ፍሰት ጠባይ የሚያሳይ ቁጥር) 200,000 አካባቢ ይሆናል። የአየር እፍግታውን ከመጽሐፍ 1.225 ብለሽ አትገልብጪ፤ አዲስ አበባ ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። የንፋስ ዋሻ ከሌለ ትልቅ ማራገቢያ ፊት የመጠጫ ቱቦዎች ታጭቀውበት የቆመ ካርቶን ፍሰቱን ያረጋጋል፤ የኩሽና ሚዛን ኃይሉን ይለካል። ማብረር አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድ ሞዴል አውሮፕላን ማብረርም ሌላ ጣጣ ነው። የአንቺ ክንፍ ከተራው ፍላፕ ከብዶ ከተገኘ (ሊከብድ ይችላል) ቁጥሩን እንዳለ ጻፊው። ክብደቱን የደበቀ ተማሪ እና ክብደቱን ጽፎ ምክንያቱን ያብራራ ተማሪ ለአንድ የዶክትሬት ቦታ ቢያመለክቱ ማን እንደሚጠራ ግልጽ ነው።

ሲሞቅ የሚያጥር ሽቦ ወይም በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ ልጣፍ ያማለለሽ ከሆነ አልፈርድብሽም፣ ቪዲዮው ያምራል። ሽቦው ቶሎ ይሞቃል ግን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ የሚያጥረው በመቶ 4 ያህል ነው። ልጣፉ እስከ 1,500 ቮልት ይፈልጋል፣ የሚለጠጠውም ከመቶ 0.2 አይበልጥም። ለመጀመሪያው ፕሮጀክት ሰርቮና ክር ይሻላል።

ስለ ሰርተፊኬሽንም አንድ ነገር። የመንገደኛ አውሮፕላን ሕግ አውሮፕላኑን የሚያጠፋ ብልሽት በአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በታች የመሆን ዕድል እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ብቻውን አውሮፕላን የሚጥል አንድ ነጠላ ብልሽትም አይፈቀድም። አንዱ ክንፍ ጎብጦ ሌላው ቢቀርስ? ቦይንግ 777-9ን ተመልከቺ። የክንፉ ጫፍ የሚታጠፈው መሬት ላይ ብቻ ነው፤ 71.8 ሜትሩ 64.8 ይሆንና ከ65 ሜትር በታች ለሆኑ አውሮፕላኖች የተሠራ መቆሚያ ይበቃዋል። ለዚህች ቀላል እጥፋት እንኳ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2018 ልዩ ደንብ አውጥቷል፤ ጫፉ ሳይቆለፍ መነሣት እንዳይቻል። አየር ላይ የሚለወጥ ክንፍ የሚጠብቀውን ከዚህ ገምቺ። ይህን ደንብ ማንበብ የሚችል የመዋቅር መሐንዲስ ሥራ አያጣም፣ ሞርፊንግ ፋሽኑ ቢያልፍም።

ለዚህም ነው ስትመረቂ የጥገና ሃንጋር ካገኘሽ ግቢ የምለው፤ እንደ ውድቀትም አትቁጠሪው። ቦሌ የሚያርፉት 787 እና ኤ350 መንገድ ላይ ሳሉ የኋላ ፍላፖቻቸውን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ የክንፉን ጉብጠት ያስተካክላሉ፤ የሚፈልጉት የነዳጅ ቁጠባ ነው። ማለትም የምትመኚው ነገር በትንሹ እዚሁ እየሠራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2024 ስምንት 777-9 ለመግዛት ስምምነት ፈርሟል፤ የሚታጠፈው ጫፍም ወደዚሁ ሃንጋር ይመጣል። የፍላፕ ሐዲድ የት እንደሚበላ፣ ኮምፖዚት እንዴት እንደሚጠገን፣ የማጠፊያ መላላት በስንት ሚሊሜትር እንደሚለካ በእጅሽ ካየሽ በኋላ የምትነድፊው ክንፍ ሌላ ነው። ሥልጠና ላይ የሚያስፈርሙሽን የአገልግሎት ግዴታ ግን ዓመቱን ቆጥረሽ፣ የዋሱን ገንዘብ አይተሽ ፈርሚ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለማመልከት ነውና ሐሳብሽ።

የማስተርሱ መንገድ፦ ጣልያን። የሚላኖና የቶሪኖ ፖሊቴክኒኮች የመንግሥት ናቸው፤ ክፍያው በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል፣ የክልሉ ስኮላርሺፕም ኪራይና ቀለብ ያግዛል። እዚያ ተማሪ የሚወድቀው በፈተና ሳይሆን በወረቀት ነው። የአባትሽ ገቢ ማስረጃ፣ የቤቱ ካርታ፣ የቤተሰብ ሁኔታ ማስረጃ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ፣ በኤምባሲው በኩል ማለፍ አለበት፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ሙሉ ክፍያ ይጠብቅሻል። ከማመልከትሽ ስድስት ወር በፊት ጀምሪ። የሃንጋሪ፣ የቱርክና የቻይና መንግሥታት ስኮላርሺፖችም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ናቸው፤ ናንጂንግ ያለው የኤሮኖቲክስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ርዕስ ደካማ አይደለም። ሞርፊንግ ላይ በስም የሚታወቁት ቡድኖች ብሪስቶልና ዴልፍት ናቸው፤ እነሱን ለዶክትሬቱ አስቀምጪያቸው።

አጎትሽ ግማሹን እውነት ብለዋል። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ምርምር ብዙው በመከላከያ ገንዘብ የሚሠራ ስለሆነ የቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሕጉ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ዲቪ ከወጣልሽ ነገሩ ይለወጣል፤ በእሱ ላይ ግን ዕቅድ አይሠራም።

እናትሽን ስለ ባንኩ አመስግኛቸው፣ አትግቢ። 3.4 ይበቃል፤ የመውጫ ፈተናውን እንዳትንቂው ብቻ። እንግሊዝኛሽን በአይኤልትስ 6.5 አድርሺው፣ አራት ወር በቂ ነው። ሴቶች ሦስት መሆናችሁ ደግሞ አንድ የፕሮጀክት ቡድን ይወጣዋል፦ አንዷ አከርካሪውን፣ አንዷ ቆዳውን፣ አንዷ ልኬቱን ትያዝ። አከርካሪውን አንቺ ያዢ። በ0.8፣ በ1 እና በ1.2 ሚሊሜትር ሦስት አትሚ፤ መጀመሪያ ያለ ቆዳ አጥፊያቸው፣ ሰርቮው የሚበላውን አምፔር ጻፊ፣ ከዚያ ነው ሲሊኮን የሚገዛው።